የጥቁሩ ጉድጓድ በር

ወደ በረሃዋ ከተማ ወደ ኩንዳራ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ሲተላለፉ ሾፌሮቹ አመልካች ጣታቸውን ከመሪው ላይ ብድግ ያደርጋሉ። ብድግ ብቻ ነው፤ እጅ ማውለብለብ የለም፣ ጥሩምባ የለም። ያቺ አንዲት ጣት «አየሁህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ውሃ ይዘሃል ወይ» ማለት ናት። ከተማዋ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ነዳጅ ማደያና በፀሐይ የነጣች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አድማስ ድረስ ቀይ አፈር ነው። ሰው ሰው የሚያየው መንገድ ላይ ስለሆነ ጣቱን የነፈገ ሾፌር ሰላምታ ብቻ አልነፈገም፤ ጭራሽ የለህም እንዳለ ነው የሚቆጠርበት።

እንግዲህ ያን ሰኞ ጠዋት ብሮንዊን በአባቷ ፒክአፕ ስትመጣ ማኖሊ የመጠጥ ቤቱን አሮጌ መኪና እየነዳ ፊት ለፊት አገኛት። እሱ ጣቱን አነሳ። እሷ አሥር ጣቶቿን መሪው ላይ ቸንክራ፣ ዓይኗን ሳትሰብር አቧራ አልብሳው አለፈች።

ምሳ ሳይደርስ አገሩ ሁሉ ሰማ። ማንም ግን «ምን ሆና ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ምን እንደሆነች ያውቃሉ። ማኖሊ በሩን ዘግቷል።

ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ።

መጀመሪያ የተገናኙትም በቁጣ ነበር። ማኖሊ ከሜልበርን የመጣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ወላጆቹ ከግሪክ አገር መጥተው እዚያ የሰፈሩ፣ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ሊጥ ሲያቦካ የኖረ። አንድ ቀን ታከተውና፣ በፎቶግራፍ ያየውን ቀይ ገደልና ከገደሉ ሥር ያለውን ኩሬ በዓይኔ ልይ፣ ለጥቂት ቀን ተንፍሼ እመለሳለሁ ብሎ ተነሳ። ብርዱ ያበቃ ሰሞን ነው። የመጣባት ነጭ መኪና ግን ገበያ ደርሶ ለመመለስ የተሠራች ሚጢጢ ነገር ነበረች። ከገደሉ ሳይደርስ፣ ላዩ ደረቅ መሬት የሚመስል ውስጡ አቧራ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገብታ እስከ ሆዷ ሰመጠች።

ብሮንዊን እንግዶች ጭና ወደ ገደሉ ስትሄድ አገኘችው። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ድርቁ ከብቱን ካመናመነው ወዲህ ከየከተማው የሚመጡ ጎብኚዎችን ገደሉን፣ ኩሬውን፣ በዓለት ላይ የሚዘሉትን ትንንሽ ካንጋሮዎች ታሳያለች። ሥራውን ትወደዋለች፣ ሰዎቹ ግን ደሟን ያፈሉታል። አንዷ ከብትና ወፍ በሚጠጣው ኩሬ ውስጥ በሳሙና ፀጉሯን ታጠበች። ሌላው ካንጋሮዎቹ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቁ ጠየቃት። ያገሩን ድንጋይ በኪሱ ሞልቶ የሚሄደውማ አይቆጠርም።

«እዚያ ጋ ትንሽ መኪና አይለፍ የሚል ሰሌዳ አለ» አለችው፣ ከፒክአፑ ሳትወርድ። «ማንበብ አትችልም?»

«አንብቤዋለሁ» አለ ማኖሊ። ቅንድቡ ሳይቀር በቀይ አቧራ ተለብጧል። «ትንሽ የሚለው ግን ምን ያህሉን እንደሆነ አይናገርም።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ አቧራውን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና፣ «እንዲህ የላመ ዱቄት በሕይወቴ አላየሁም» አለ።

ሳቋ ሊመጣ ሆነ። ሳቋ ሊመጣ በመሆኑ ይበልጥ ተናደደች። ገመድ አስራ እየጎተተች፣ እየተሳደበች አወጣችው። ነጯ መኪና ከሥሯ አንድ ብረት ተሰብሮ ነበርና ከተማ ድረስ ተጎትታ ገባች።

መለዋወጫው ሩቅ ነው። በሳምንት አንዴ በሚመጣው የፖስታ መኪና መጀመሪያ የመጣው ልኩ አይደለም ተባለ፤ ሁለተኛ የመጣውም የሌላ መኪና ሆነ። ሁለተኛውን ጊዜ ማኖሊ በሆዱ ደስ እንዳለው የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ኖርማ ከፊቱ አንብባለች። በዚህ መሐል ኖርማ ማእድ ቤቷን ሰጥታው ዳቦ ይጋግርላት ጀመር። ለዘመናት ከከረጢት የወጣ ዳቦ ሲበላ የኖረ ሰው ትኩስ ዳቦ ሲቀምስ ምን እንደሚሆን አትጠይቁኝ። ስሙን ሁሉ ትተው «ዳቦ» ይሉት ጀመር። «ዳቦ፣ እንዴት አደርክ» ይሉታል፣ በጢም የተሸፈኑ ግዙፍ ከብት ነጂዎች።

ገደሉን ያየው በሥራ ነው። ብሮንዊን ለእንግዶቿ ምሳ የሚያዘጋጅላት፣ በቆርቆሮ ሻይ የሚያፈላላት፣ ከሁሉም በላይ በር የሚከፍትላት ሰው ያስፈልጋት ነበር።

መንገዱ የሚያልፈው በአባቷ በክላይቭ የከብት እርባታ ውስጥ ስለሆነ በየአጥሩ በር አለ። ባገሩ ደንብ በመኪናው በር በኩል፣ ከሾፌሩ ማዶ የተቀመጠ ሰው ነው ወርዶ የሚከፍተው። ሌላ ደንብ ደግሞ አለ፣ ከዚህ የሚጠብቅ፤ ዝግ ያገኘኸውን ዝግ፣ ክፍት ያገኘኸውን ክፍት አድርገህ ታልፋለህ። ለምን ብለህ አትጠይቅም። በሩን እንደዚያ የተወው ሰው የራሱ ምክንያት አለው።

ማኖሊ ይህን አንዴ ተነገረው፣ ሁለተኛ ማንም አላሳሰበውም። እሷ በሩ ጋ ስትቆም ይወርዳል፣ ይከፍታል፣ ፒክአፑ ያልፋል፣ ይዘጋል፣ ሮጦ ይገባል። ወሬያቸውም እንዲሁ በየበሩ እየተቆረጠ፣ በየበሩ እየተቀጠለ ሄደ። አንዱ በር ጋ ስለሞተችው እናቷ የጀመረችውን ቀጣዩ በር ጋ ትጨርሰዋለች። እሱ ለቤተሰቡ ሳይነግር እንደወጣ፣ አባቱ አሁንም እንዳኮረፈው፣ በሰንሰለቱ ድምፅ መሐል ነገራት። አንድ ቀን የመጨረሻውን በር ዘግቶ ሲመለስ ወዲያው አልገባም። በእሷ በኩል መጥቶ መስኮቱ ላይ ክንዱን አሳረፈ። ሽፋሽፍቷ ላይ የተቀመጠ ቀይ አቧራ ነበር፤ በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ጣቱ እርሾ እርሾ ይሸታል። ኋላ ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

ኩሬው ጋ ሲደርሱ ሌላው ጎብኚ ስልኩን አውጥቶ ይሮጣል። ማኖሊ ግን ግንዱ እንደ ወተት የነጣ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዝም ይላል። በቀቀኖቹ እየተንጫጩ ውሃው ላይ ሲወርዱ፣ ቀዩ ግድግዳ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ሲታይ፣ ዝም። «ይሄ ሰው ማየት ያውቃል» አለች በልቧ። በሕይወቷ ለማንም ጎብኚ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ክላይቭም ወደዱት። ችግሩ በቀን ሁለቴ «ስምህ ማን ነበር?» ማለታቸው ብቻ ነው።

«የውጭ ስም ስለሆነ ነው» ትላለች ብሮንዊን፣ ቶሎ ብላ። አንድ ቀን ሻይ ውስጥ ጨው ሲጨምሩ አይታ ደግሞ «መነጽርህን አድርግ አባዬ» ብላ በቁጣ ጣሳውን ነጠቀቻቸው። ያኔ ቁጣዋ ለምን እንደዚያ እንደነደደ ራሷን አልጠየቀችም።

ሙቀቱ ገባ። በዚያ ዓመት በምዕራብ በኩል ያለው የግጦሽ ክልል ኩሬ ደርቆ ስለነበር ብሮንዊን በመሐል ያለውን የጥቁሩን ጉድጓድ በር ከፍታ፣ ከምሰሶው ጋር በሽቦ አስራ ተወችው፤ ከብቶቹ በዚያ እያለፉ ከጥቁሩ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ያለበት ገንዳ ጋ እንዲደርሱ። ያ በር ዕድሜ ልኩን ዝግ የነበረ በር ነው። ክፍት መሆኑን ለሁሉም ተናገረች።

ከዚያ አንድ ሳምንት እንግዶች በዝተውባት ወደዚያ ዝር አላለችም። አየሩ ጥላ ውስጥ እንኳ የሚያቃጥል ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ አባቷንና ማኖሊን ይዛ ሄደች። ሽታው ቀድሞ ደረሳቸው።

በሩ ዝግ ነው። ከብቶቹ አጥሩን ተጠግተው፣ ውሃው ወዳለበት ፊታቸውን አዙረው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ሞተዋል። ገንዳው ከዚያ ማዶ በዓይን ይታያል። እናቷ የሞተችበት ክረምት በጡጦ ያሳደገቻት ቀይ ላም አፍንጫዋን በአጥሩ ሽቦ መሐል አሾልካ ነው የቀረችው።

ብሮንዊን ወርዳ በሩን ልትከፍት ታገለች። ሰንሰለቱ እምቢ አላት፤ ቀለበቱ እንደተለመደው ከላይ ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ተገልብጦ ነው ምስማሩ ላይ የተሰካው። በንዴት ስትጎትተው የአውራ ጣቷ ቆዳ ተላጠ። ከዚያ ዞረች።

«ማነው የዘጋው?»

ክላይቭ በሩን እያዩ ነበር። ማኖሊ እሳቸውን እያየ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ማኖሊ።

«አንተ?»

«እኔ። ከአባትሽ ጋር እንጨት ልናመጣ የሄድን ቀን። እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም። ድምፅዋ እንዲያውም ዝቅ አለ። «አንድ ነገር ነው የነገርኩህ» አለችው። «አንድ ነገር። የቀረውን ሁሉ ብትረሳ ይቅር ባልኩህ።» ከመቀመጫው ኋላ ጠመንጃውን አወጣች። ከከብቶቹ ገና እየተነፈሱ መነሳት ያቃታቸው ነበሩ። አንድ በአንድ እየዞረች አሳረፈቻቸው። በእያንዳንዱ ተኩስ የምታየው የሱን ፊት ነበር፤ እንደዚያ ጠልታው ነበር። ስትጨርስ፣ «በእግርህ ትሄዳለህ ወይስ ኋላ ትጫናለህ? አጠገቤ ግን አትቀመጥም» አለችው። ኋላ ተጫነ።

ሰኞ ጣቷን የነፈገችው ለዚህ ነው። ከተማውም ከሷ ጋር ቆመ። ከብት ነጂዎቹ ዳቦውን ይበላሉ፣ ጋጋሪውን ግን አያናግሩም። «ዳቦ» የሚለው ስም ቀርቶ «ያ ሰውዬ» ሆነ።

ኖርማ ብቻ አልተቀየረችም። ኖርማ ያን አገር ከሁላችን በፊት የሚያውቁት የአገሩ ነባር ጥቁር ሕዝቦች ልጅ ናት፤ የምትለውን ለማለት ማንንም አታስፈቅድም። ብሮንዊን ያን ሰኞ ነዳጅ ልትቀዳ ስትቆም ከበረንዳው ጠራቻት።

«ነይ ቁጭ በይ።»

«ቸኩያለሁ እትዬ ኖርማ።»

«ለምኑ ነው የምትቸኩይው? የሞተ ከብት አይሸሽም። ስሚኝማ፣ ያ ልጅ ማእድ ቤቴ ከገባ ጀምሮ አንድ ማንኪያ ቦታ አልለወጠብኝም። ያነሳውን ካነሳበት ነው የሚመልሰው። እንዲህ ያለ ሰው በር ይሳሳታል?»

«ራሱ ነው ያመነው። ጨካኝ አታድርጊኝ።»

«ማመኑንስ ሰምቻለሁ። መለዋወጫው መጥቷል፣ የአሁኑስ ልኩ ነው። ሊሄድልሽ ነው፤ ደስ ይበልሽ» አለችና ኖርማ ወደ ውስጥ ገባች። ብሮንዊን ነዳጁ ሞልቶ ጫማዋ ላይ እስኪፈስ አላስተዋለችም። መሄዱን ስትሰማ የተሰማት እፎይታ አልነበረም። ይህም አናደዳት።

ረቡዕ ክላይቭ ካልሄድኩ ብለው አብረዋት ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ጥቁሩ ጉድጓድ ብቻዋን ነበር የምትሄደው። በሩ ክፍት ነው፣ በሽቦ ታስሯል። አለፈች።

«አቁሚ» አሉ ክላይቭ።

ሽንታቸው መጥቶ መሰላት። አቆመች። ወረዱ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አየቻቸው። ወደ በሩ ሄደው ሽቦውን በእርጋታ ፈቱ። የወደቀውን ማጠፊያ በጉልበታቸው ከፍ እያደረጉ በሩን ገፉ። የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች በወጣትነታቸው የውሃ መሳቢያ ማሽን ወስዶባቸዋልና ሰንሰለቱን በግራ ያዙ፣ ጠመዘዙ፣ ቀለበቱን ከታች ወደ ላይ ምስማሩ ላይ ሰኩት። አርባ ዓመት ሙሉ የዘጉትን በር እንደሚዘጉ ሰው፣ ሳያዩ።

ተመልሰው ገቡ፤ የመኪናውን በር ዘጉ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ንጂ እንጂ።»

ብሮንዊን አውራ ጣቷ ላይ ያለውን ቁስል እያየች ነበር።

ክላይቭ በመስኮቱ ወጣ ብለው ወደ አጥሩ ተመለከቱ። እሷ ገና ያልቀበረችው ሬሳ ክምር ብሎ ይታያል። «እነዚያ ከብቶች ምን ሆነው ነው?» አሉ።

«ድርቁ ነው አባዬ» አለች።

ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ከወጣ በኋላ ግን ሰማችው። ለአባቷ ዋሸች። የማኖሊን ውሸት ሲያላምጥ የሰነበተ አፏ ያው ራሱን ውሸት እንደ ምራቅ ቀላል አድርጎ ተፋው።

«አይ ድርቅ» አሉ ክላይቭ፣ ጭኗን መታ መታ አድርገው።

ወርዳ በሩን ከፈተች፣ ሽቦውን አሰረች። «ከብቱ ይደባለቅብሻል፣ ምን ነካሽ?» እያሉ ተቆጧት። ሳትመልስ መኪናውን አዙራ ወደ ከተማ ነዳች። አባቷን በኖርማ በረንዳ ላይ ቢራ አስይዛ፣ በጓሮ በኩል ወደ ማእድ ቤቱ ገባች።

ማኖሊ ሊጥ እያሸ ነበር። ዞሮ አላያትም።

«ቀለበቱን ከታች ነው የሚሰኩት» አለች ብሮንዊን።

እጆቹ ቆሙ።

«አየሻቸው ማለት ነው» አለ።

«ዋሸኸኝ። ዓይኔን እያየህ ዋሸኸኝ።»

«በሙሉ አልዋሸሁም። መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። በሩ ክፍት እንደነበር አውቃለሁ፤ ወርደው ሲዘጉት አየሁ። ግን በሩ የሳቸው ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ። በሩን እንደዚያ የተወው ሰው ምክንያት አለው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ዝም ብዬ ነዳሁ።»

«ያን ቀንስ? ማነው ስል?»

ማኖሊ እጁ ላይ የተጣበቀውን ሊጥ ቀስ ብሎ ይልጥ ጀመር። «በሩን አዩ፤ ቀጥለው እጃቸውን አዩ። ገባቸው። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው። አንቺ ስትተኩሺ ከመኪናው ጀርባ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልጄ እንዳትሰማ አሉኝ። ማልኩላቸው። ሲመሽ ረስተውታል። ኖርማ ቤት እራት ላይ ‘አንተ ነህ አሉ በሩን የዘጋኸው፣ ዓይን የለህም?’ ብለው ተቆጡኝ።»

ብሮንዊን መሳቅም ማልቀስም አቃታት፤ የቀራት ቁጣ ብቻ ነው፣ እሱንም የምታሳርፍበት ቦታ አጥታ ነበር። «አባቴን ደበቅክብኝ» አለችው። «አንተን ስረግም ስከርም እሳቸው አጠገቤ ብቻቸውን እየጠፉ ነበር። እጃቸውን መያዝ ነበረብኝ። ምን እንደምችልና ምን እንደማልችል ማን ነው አንተን ያስወሰነህ?»

ያን ጊዜ ማኖሊ ተቆጣ። ሲቆጣ አይታው አታውቅም፤ ፊቱ ነጣ።

«አንቺስ?» አለ። «ስንት በር አብረን አለፍን? አንድ ቀን ተሳስቼ አውቃለሁ? እኔ ነኝ ስልሽ ‘አይደለህም፣ አውቅሃለሁ’ ትያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ያንን ብትይ እውነቱ ከአፌ ያመልጠኝ ነበር። አንቺ ግን ቃሌ ሳያልቅ ነው ያመንሽው። ለአንቺ ለካ አሁንም ያው ጉድጓድ ውስጥ የሰመጥኩ ጎብኚ ነኝ። እኔን ያቃጠለኝ ከተማው አይደለም፤ ይሄ ነው።»

ላለመሸነፍ ያህል፣ «መቼ ነው የምትሄደው?» አለች።

«ነገ ጠዋት።»

«ሂድ» አለች። ሄዳ በረንዳው ላይ አባቷን ደግፋ አስነሳች።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ክላይቭ ዳቦውን ቆርሰው እጃቸው ላይ እንደያዙት ቀሩ። አንዳንድ ጠዋት አእምሯቸው እንደ ድሮው ጥርት ይላል፤ ያ ጠዋት ከነዚያ አንዱ ነበር።

«ብሮን» አሉ። «ያን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ መሰለኝ።»

ድርቁ ነው ልትል አፏ ተከፈተ። ያንኑ ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ልትለው። ከዚያ አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጣት የጎደለውን እጃቸውን ያዘች።

«አዎ አባዬ። አንተ ነህ።»

ክላይቭ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለረጅም ጊዜ ነቀነቁ። «ቀይዋም?»

«ቀይዋም።»

«ከዚህ በኋላ ይብሳል አይደል?»

«ይብሳል። እዚሁ ነኝ።»

ሽማግሌው በመስኮቱ ውጪውን አዩ፤ ውጪ ምንም የለም፣ ሜዳና ሙቀት። «ልጁስ? ዳቦው?»

«ዛሬ ይሄዳል።»

«በኔ ጥፋት?»

«በኔም» አለች ብሮንዊን። ይህችን ቃል ለማውጣት ከጠመንጃው ቃታ ይልቅ ከበዳት።

ክላይቭ ተነስተው ባርኔጣቸውን ከምስማሩ አወረዱ። «እና ምን ያስቀምጥሻል? መኪናውን አስነሺ።»

ከቤታቸው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እንዴት እንደነዳች እሷ ትወቅ። መንገዱ ላይ እንደወጡ ከሩቅ ቀጭን ቀይ አቧራ ተነስቶ አየች። ከአቧራው ፊት ነጯ ሚጢጢ መኪና እየተንቀጠቀጠች ትመጣለች። ብሮንዊን እጇ መሪው ላይ ነው። ንዴቱ አልበረደም፣ እሱም አልበረደለትም፣ ይህን ታውቃለች። መኪናዋ ቀረበች። የማኖሊ ፊት ታየ። ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ጣቱ አልተነሳም።

ብሮንዊን ጣቷን አነሳች።

ተላለፉ። መስታወቱ ውስጥ አቧራ ብቻ ሆነ። እግሯ ፍሬኑ ላይ ነበር፤ መቼ እንደረገጠችው አላወቀችም። ከዚያ በአቧራው መሐል ሁለት ቀይ መብራቶች ቦግ አሉ።

ወርዶ በእግሩ መጣ። መስኮቷ ጋ ቆመ፤ ክንዱን ግን አላሳረፈም።

«ጣትሽን አየሁ» አለ።

«መሪው ላይ ዝንብ ነበረች።»

«ትልቅ ዝንብ መሆን አለባት።»

«ያንተን መኪና ነው የምታህለው።» አላያትም፣ አላየችውም። ሁለቱም መንገዱን ያያሉ። ከዚያ ፊቷን አዞረች። «አይደለህም ማለት ነበረብኝ» አለችው። «እንደማትሳሳት አውቅ ነበር። ከማንም በላይ አውቅ ነበር።»

ማኖሊ ክንዱን መስኮቱ ላይ አሳረፈ።

«እኔም ልነግርሽ ይገባ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁንም ተናደሻል?»

«በጣም። አንተስ?»

«በጣም።»

«እንግዲህ ግባ። ቁጭ ብሎም መናደድ ይቻላል።»

በዚያኛው በኩል የመኪናው በር ተከፈተ። ክላይቭ እግራቸውን መሬት አሳርፈው፣ ማኖሊ ዞሮ እስኪመጣ ጠበቁ። ያ በበሩ በኩል ያለው ቦታ የሳቸው ነው፤ ብሮንዊን መንዳት ከጀመረች ወዲህ ሌላ ሰው የሚቀመጥበት አባቷ መኪናው ውስጥ ከሌሉ ብቻ ነው። አሁን ተመልሰው ገቡና፣ መቀመጫው ላይ እየተንፏቀቁ ወደ መሐል ተጠጉ።

«ና ግባ» አሉት። «ጉልበቴን ያመኛል። ከዛሬ ጀምሮ በር አንተ ነህ የምትከፍተው።» ካሰቡ በኋላ ጨመሩ። «ስምህ ማን ነበር?»

«ማኖሊ ነው ጋሽ ክላይቭ።»

«የውጭ ስም ነው» አሉ፣ ለልጃቸው እንደሚያስረዱ።

ነጯ መኪና ቁልፏ እንደተሰካባት መንገድ ዳር ቀረች። ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው በሜዳው ውስጥ ነዱ። ዝግ ያገኙትን በር ማኖሊ ወርዶ ከፈተ፣ ሲያልፉ ዘጋ፣ ሮጦ ገባ።

ጥቁሩ ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነው። ብሮንዊን አቆመች። ማኖሊ ወረደና ሽቦውን አየ፤ በአንድ ዙር አጠበቀው፤ ከዚያ በሩን እንደነበረ ትቶ ተመለሰ።

ክላይቭ ወደ ፊት እያዩ ነበር። የግራ እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ በዝግታ ተንቀሳቀሰች፤ ጠምዘዝ አለች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ የማይታይ ቀለበት ሰካች። ብሮንዊን ማርሹን አስገብታ እጇን በዚያች እጅ ላይ አሳረፈች። ከወዲያ በኩል ሌላ እጅ መጣ፤ እርሾ እርሾ የሚሸት። ገንዳው ጋ ያሉት የተረፉ ከብቶች ቀና ብለው መኪናዋን አዩ፣ አዩና መልሰው ጠጡ።